ከሁለቱ ቪትዞች የትኛዋ?

ይህን ጽሑፍ የምናቀርብላችሁ ሦስት ጓደኛሞች ነን። አዳማ ላይ አንድ ክፍል ተከራይተን የምንኖር የመካኒካል ምሕንድስና ተማሪዎች ስንሆን፥ አንደኛው የወንጂ ልጅ ነው፤ ሁለተኛው የሞጆ፤ ሦስተኛው የመቂ። ስማችንን ያልጻፍነው አፍረን አይደለም። የነገሩ ዋና ባለቤት ሌላ ሰው ስለ ሆነና እርሱም ስሙ በመጽሔት ላይ እንዲወጣ ስላልፈቀደ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወንጂው ጓደኛችን ታላቅ ወንድም ሻርጃ ውስጥ፥ አሮጌ መኪና በሚሸጥበት ግቢ ተቀጥሮ ሲሠራ ስድስት ዓመት ሞልቶታል። ከእርሱ ታላቅ ስለሌለን ሦስታችንም «ወንድማችን» ነው የምንለው። ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ከአንድ ሚሊዮን ብር የሚበልጥ ገንዘብ ላከ። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ ፀሐይ ሥር ያጠራቀመው ነው። ከገንዘቡ ኋላ የድምፅ መልእክት ተከተለ፤ «ቪትዝ ግዙልኝ። ተራዋን ግን አይደለም፤ አር ኤስ የተባለችውን ፈልጉ። ከፊተኛዋና ከኋለኛዋ የትኛዋ እንደምትሻል የምትማሩት እናንተ ናችሁ፤ እናንተ ምረጡ። እኔ እስክመጣ ድረስ እማዬን ሐኪም ቤት ታመላልሱባታላችሁ።»

መልእክቱን ደጋግመን ሰማነው፤ በጣም ደስ አለን። በአንድ አፍ ሁለት ትእዛዝ እንደተሰጠን፥ ሁለቱም እርስ በርስ እንደማይስማሙ ያስተዋልነው ግን ከብዙ ቀን በኋላ ነው።

ቪትዝን ለአዳማ ሰው ማስተዋወቅ ለወንጂ ሰው ሸንኮራ እንደ ማስተዋወቅ ነው። ከፖስታ ቤት እስከ ፍራንኮ ቆማችሁ ብትቆጥሩ ከባጃጅ ቀጥሎ የምታገኟት እርሷን ነው። ቢሆንም ጥቂት ታሪኳን መናገር ያስፈልገናል። (የውጭውን ነገር በፈረንጅ ዘመን፥ የአገራችንን በራሳችን ዘመን እንጽፋለን።) ቶዮታ የመጀመሪያይቱን ቪትዝ ለጃፓን ገበያ ያወጣው በ1999 መጀመሪያ ነው። መልኳን የነደፈው ሶቲሪስ ኮቮስ የሚባል ግሪካዊ ነበር። አውሮጳ ውስጥ ያሪስ በሚል ስም ተሸጣ የ2000 የዓመቱ መኪና ተብላ ተሸልማለች። በ2005 ሁለተኛይቱ ተተካች፤ በ2010 መጨረሻ ሦስተኛይቱ መጣች። በ2020 ቶዮታ በአገሩ በጃፓንም ቪትዝ የሚለውን ስም ትቶ አዲሷን ያሪስ አላት። እንግዲህ ቪትዝ የሚለው ስም ዛሬ በሕይወት የሚኖረው በእኛና በመሰሎቻችን አገር መንገድ ላይ ነው።

አር ኤስ ማለት የዚህችው መኪና ፈጣን እኅት ማለት ናት። ተራይቱ ባለ 1.0 ወይም ባለ 1.3 ሊትር ሞተር ስትሆን፥ ወንድማችን የሚፈልጋት አር ኤስ 1.5 ሊትር፥ በትክክል ሲነገር 1496 ሲ.ሲ. ሞተር አላት፤ ጉልበቷም ወደ 110 ፈረስ ይደርሳል። ፊተኛዋና ኋለኛዋ ሞተራቸው ያው አንድ ነው። ልዩነቱ ሌላው ሁሉ ላይ ነው። ፊተኛዋ ከአንድ ቶን ታንሳለች፤ ኋለኛዋ ትበልጣለች፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንድ ኩንታል ጤፍ እንደ መጫን ያህል ነው። የፊትና የኋላ ጎማዋ ርቀት በፊተኛዋ 2.37 ሜትር ሲሆን በኋለኛዋ 2.46 ሜትር ሆኗል። ፊተኛዋን ነዳጅ ስትሰጧት እግራችሁን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው የሽቦ ገመድ ነው፤ በኋለኛዋ ግን ኮምፒዩተር መካከል ገብቷል።

በእውነት ለመናገር ወንድማችን በልቡ የያዛት ከእነዚህ ከሁለቱም አይደለችም። ቶዮታ በ2013 ጂ አር ኤም ኤን የሚባል ስም ሰጥቶ፥ ቱርቦ የገጠመላትን 152 የፈረስ ጉልበት ያላትን ቪትዝ አወጣ፤ የሠራውም 200 ብቻ ነው። በ2018 ደግሞ ሁለተኛ ዙር ጂ አር ኤም ኤን ወጣች፤ ይህችኛዋ ሞተሯ 1.8 ሊትር ሆኖ፥ ቱርቦው ቀርቶ በቺንጊያ የሚዞር ሱፐርቻርጀር ተገጠመላት፤ ጉልበቷ 212 ፈረስ ደረሰ። ለጃፓን ሕዝብ የተሸጠው 150 ብቻ ነበር። ወንድማችን የሁለቱንም ፎቶግራፍ ልኮልን «ብትመርጡ የትኛዋን?» ብሎ ጠይቆን ያውቃል። ያን ጊዜ የመካኒክ ነገር ፈተና ነበረብን፤ ፈተናውን ትተን እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተከራከርን። የመቂው ጓደኛችን ቱርቦ ነው አለ፤ የሞጆው ሱፐርቻርጀር ነው ብሎ ተኳረፉ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። ፈተናውንም እንደሚገባው አልሠራነውም።

ጥያቄው ከሰማይ ወደ ምድር ሲወርድ ግን የአዳማን ገበያ ያየ ሰው ይገባዋል፤ አር ኤስ በአገራችን እጅግ ጥቂት ናት። ምክንያቱን ያገኘነው ከመካኒክ ሳይሆን ከሕግ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አውቶሞቢልን በሞተሩ መጠን ይቀርጥ ነበር። እስከ 1300 ሲ.ሲ. ድረስ 30 በመቶ፤ ከዚያ እስከ 1800 ድረስ 60 በመቶ፤ ከ1800 በላይ 100 በመቶ። ባለ 1.3 ሊትሯ የፊተኛዋ ቪትዝ ሞተር 1298 ሲ.ሲ. ነው። ሁለት ሲ.ሲ. ብቻ ሲቀራት ከወሰኑ በታች ታልፋለች። አር ኤስ በ1496 ሲ.ሲ. ታክሷ እጥፍ ሆነ። ነጋዴ ደግሞ ለድምፅ ብሎ እጥፍ ቀረጥ አይከፍልም። ስለዚህ ትንንሾቹን እንደ ጉንዳን አስገባቸው፤ አር ኤስን ግን ያስገባት አንዳንድ ልቡ የሸፈተ ሰው ብቻ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ አዋጅ ባረጁ መኪናዎች ላይ ታክሱን እስከ 500 በመቶ አደረሰው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ። ጃፓን 200 ብላ፥ 150 ብላ ቆጥራ ዘጋች፤ እኛ ደግሞ ሳንቆጥር ዘጋን። ዛሬ አዳማ ላይ የቆመች አር ኤስ ከዚያች ከጂ አር ኤም ኤን ይልቅ ቁጥሯ የተወሰነ ላለመሆኑ ማን ያውቃል?

«ታዲያ ኤሌክትሪኳን ለምን አትገዙም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ደግ ነው። አዳማ ዳገት ላይ የቆሙትን የነፋስ ማማዎች በየቀኑ እያየን የምንኖር ሰዎች ነን፤ መጀመሪያ 34፥ ኋላም 102 ተተክለው በጠቅላላው 204 ሜጋዋት እንዲያመነጩ ተሠርተዋል። ይሁን እንጂ የተላከው ገንዘብ ለአዲስ ኤሌክትሪክ መኪና አይበቃም፤ በወንጂው ቤት ደግሞ ምጣድ በተሰካበት ሰዓት ሻይ ማፍያ ከተጨመረ መብራቱ ይጠፋል። ወደ ነገራችን እንመለስ።

መጀመሪያ ያየናት ሞጆ ላይ ነው። የሞጆው ጓደኛችን የሚያውቀው ደላላ ነበርና «ኋለኛዋ አር ኤስ፥ ቀይ፥ እንደ ሙሽራ» ብሎ ጠራን። በእርግጥም ቀይ ናት። በኋላ በሯ ላይ አር ኤስ የሚለው ጽሑፍ ከመብራቷ ይልቅ ያበራል። ኮፈኗን ብናስከፍት ካንዴላዎቿ ሦስት ናቸው። አር ኤስ አራት ሲሊንደር ናት። የሻንሲ ቁጥሯን አነበብን፤ መነሻው ኬ ኤስ ፒ 90 ይላል፤ ይህ የባለ 1.0 ሊትሯ ምልክት ነው፤ የኋለኛዋ እውነተኛ አር ኤስ ኤን ሲ ፒ 91 ማለት ነበረባት። ሊብሬዋም 996 ሲ.ሲ. ብሎ ይመሰክራል። ይህን ለደላላው ብንነግረው አልተቆጣም። «እናንተ ልጆች፥ የምትነዱት ቁጥሩን ነው መኪናዋን?» አለና ሻይ ጋበዘን። አር ኤስ ለመግዛት የምታስቡ አንባቢያን ካላችሁ እንግዲህ ይህን ያዙ፤ የፊተኛዋ ኤን ሲ ፒ 13፥ የኋለኛዋ ኤን ሲ ፒ 91 ነው። የተለጠፈ ፊደል በየጌጣጌጥ ሱቁ ይሸጣል።

ሁለተኛዋን ያገኘናት እዚሁ አዳማ፥ ከፍራንኮ ብዙ ሳይርቅ ነው። ባለቤቷ ነርስ ናት። መኪናዋ ነጭ፥ አምስት በር፥ ቁጥሯም እውነተኛ። ካምቢዮዋ ግን ሲ ቪ ቲ ነው። ሲ ቪ ቲ ማለት ማርሽ የሌለው አውቶማቲክ ነው፤ በሁለት መዘውሮች መካከል የብረት ቀበቶ ይዞርና መዘውሮቹ እየጠበቡና እየሰፉ ፍጥነቱን ይለዋውጣሉ። የራሱ ዘይት አለው፤ ሌላ ዘይት የተደረገበት ሲ ቪ ቲ ዕድሜው አጭር ነው። የጠየቅናቸው መካኒኮች ሁሉ ስሙን ስንጠራ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ነርሷ ግን የቀየረችበትን የዘይት ደረሰኝ ሁሉ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ሰብስባ አስቀምጣለች፤ የታካሚ ካርድ እንደምታስቀምጥ ይመስለናል።

በፍጥነት መንገዱ እስከ ሞጆ መውጫ ድረስ ይዘናት ሄድን። ይህ መንገድ በ2007 ዓ.ም. ለአገልግሎት ሲከፈት ሁለታችን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበርን፤ ያኔ መንገዱን ለማየት ብቻ በእግር ሄደናል። መኪናዋ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጸጥ ብላ ትጓዛለች፤ የአዳማ ነፋስ በጎን ሲመታት ትንሽ ነቅነቅ ብላ ትመለሳለች። ምንም ስሕተት አላገኘንባትም። የመቂው ጓደኛችን መሪውን ይዞ ሲመለስ ምን እንደተሰማው ብንጠይቀው «ፍሪጅ ነድቼ አላውቅም ነበር» አለ። ሳቅንና ዋጋዋን በወረቀት ጽፈን ወደ ቤታችን ሄድን።

ሦስተኛዋ ባቱ ላይ ነበረች። ዝዋይ ማለት ለለመደ ዝዋይ ነው። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ፊተኛዋ አር ኤስ፥ ቢጫ፥ ሦስት በር፥ ማንዋል፥ ኤን ሲ ፒ 13። ፎቶግራፏን እዚህ ብናወጣው ደስ ባለን፤ ነገር ግን በማባዣው ላይ ቢጫው ሁሉ ጥቁር ሆኖ ስለሚወጣ በቃል ብቻ እመኑን። መምህሩ «ጋሼ፥ እንሞክራት?» ብንላቸው ቁልፉን ወርውረው ሰጡን፤ እርሳቸውም ከኋላ ወንበር ገብተው ተቀመጡ። በሦስት በር መኪና ከኋላ መቀመጥ በዚያ ዕድሜ ቀላል ነገር አይደለም።

እስከ አዳሚ ቱሉ ነዳናት። አንባቢ ሆይ፥ ይህን እንዴት አድርገን እንጻፈው? ምሕንድስናው ቀላል ነው። ባቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ገደማ ያጣል፤ ስለዚህ 110ሩ ፈረስ እዚህ ሲደርስ ከ90 ብዙ አይበልጥም። ይህ ለኋለኛዋም እኩል ነው። ነገር ግን ፊተኛዋ ያ ኩንታል ጤፍ የለባትም። እግርህን ስታስነካት ትሰማሃለች። ሁለተኛ ማርሽ፥ ፍሪሲዮን፥ ሦስተኛ ማርሽ፤ በማርሽና በማርሽ መካከል ሞተሩ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ እንደገና ይጮኻል። የግራር ዛፎቹ በግራና በቀኝ ያልፋሉ። የመቂው ጓደኛችን ስልኩን አውጥቶ ድምፁን ቀረጸ። ወንጂው መሪው ላይ ነበረ፤ ምንም አልተናገረም። አዳሚ ቱሉ ስንደርስ ሞተሩን አጥፍቶ ዝም ብሎ ተቀመጠ። መምህሩ ከኋላ ሆነው «አወቅኋችሁ» አሉ።

ወደ ባቱ ተመልሰን ደንቡን አደረስን። ቁልፉን ግማሽ አዙረን የሰዓቶቹን መብራት አየን። የኤርባግ ምልክት ቁልፍ ሲከፈት በርታ፥ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለባት፤ ይህን የሚያደርገው ኮምፒዩተሩ ራሱን ሲመረምር ነው። በነርሷ መኪና ላይ ይህን አይተናል። በቢጫዋ ላይ ግን ምልክቲቱ ከነጭራሹ አልበራችም። ሦስት ጊዜ ሞከርን። ከመሪው ሥር ተንጋለን ገባን። ሽቦዎቹ ተቆርጠው፥ ተቀጥለው፥ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልለዋል፤ ወደ ኤርባጉ መሄድ የነበረበት ቢጫ ሽቦ ጫፉ ተሸፍኖ ተንጠልጥሏል።

ምክንያቱን ለማታውቁ እንንገራችሁ። ቪትዝ የተሠራችው ለጃፓን ነው፤ መሪዋ በቀኝ ነው። ኢትዮጵያ እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ትነዳ ነበር፤ በዚያው ዓመት ሰኔ 1 ቀን ወደ ቀኝ ዞረች። ያ ቀን ባይኖር ኖሮ እነዚህ መኪናዎች እንደ ተወለዱ ይነዱ ነበር። ስለ ዞርን ግን ብዙዎቹ ዱባይና ሻርጃ ላይ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ተቀይሮ ነው የመጡት። የፊተኛዋና የኋለኛዋ ቪትዝ የፍጥነት ሰዓት በመሃል ላይ ስለ ሆነ እርሱን ማዛወር አያስፈልግም፤ ይህ ነገሩን አቅልሎታል። ሥራው በደንብ ከተሠራ ችግር የለውም፤ የነጯ እንዲያ ይመስላል። በችኮላ ሲሠራ ግን ማንም የማያየው ነገር ይቆረጣል።

መምህሩ ከልባቸው ደነገጡ። «ዘጠኝ ዓመት ነዳኋት፤ እኔ እንኳ ይህን አላወቅሁም» አሉ። ከዚያም የዓሣ ጥብስ አበሉን፤ ዋጋውን ሳንጠይቃቸው ቀነሱ። የመጨረሻው ዋጋቸው ከነርሷ ዋጋ መቶ ሺህ ብር ያህል ወረደ።

ያን ሌሊት እንደ መሐንዲሶች ለመሥራት ወሰንን። በክፍል ውስጥ እንደተማርነው ሠንጠረዥ ሠራን፤ ለእያንዳንዱ ነገር ክብደት ሰጥተን ሁለቱን መኪናዎች አወዳደርን። ለሞተር ጤንነት፥ ለመለዋወጫ፥ ለነዳጅ፥ ለካምቢዮ፥ ለዋጋ፥ ለሁሉም ነጥብ ሰጠን። ደመርን፤ ቢጫዋ 71፥ ነጯ 64 አገኙ። ተጨባበጥን። «ሳይንስ ተናገረ» አልን፤ ይህን ቃል በቃል ብለነዋል።

ጠዋት የሞጆው ጓደኛችን ቀድሞ ተነሥቶ ሠንጠረዡን ሲያነብ አገኘነው። «ይህን ማን ጻፈው?» አለ። ለድምፅና ለመሪ ስሜት 20 ነጥብ፤ ለኤርባግ 5። የሁላችንም እጅ ነበረበት። አንዳችንም ስንጽፈው አልቀፈፈንም፤ ይህ ነው የሚያሳፍረው። ሁለቱን አቀያይረን ብንደምረው ኖሮ ነጯ ታሸንፍ ነበር። የሠንጠረዡ ቁጥር በሙሉ ትክክል ነበረ፤ ግን እኛ ያዘጋጀነው አዳሚ ቱሉ ላይ የተወሰነውን ነገር በቀለም ለመጻፍ ነው።

ቢሆንም ወዲያው አልተመለስንም። መምህሩ ለጉዳይ ወደ አዳማ ሲመጡ ቢጫዋን ይዘናት ወንጂ ወረድን፤ የጓደኛችን እናት ትያት ብለን። እሳቸው ስኳር በሽተኛ ናቸው። ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። በወር ሁለት ጊዜ ለክትትል አዳማ ይመላለሳሉ፤ በባጃጅ፥ ከዚያ በሚኒባስ፥ ከዚያ እንደገና በባጃጅ። ወንጂ በ1946 ዓ.ም. የስኳር ፋብሪካው ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሠራተኛ አገር ነው፤ ባለቤታቸውም በዚያው ፋብሪካ ሠርተው ያረፉ ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃቸዋል። መኪናዋ ስትቆም ሰው ተሰበሰበ።

ወደ ፊት ወንበር ገቡ። አንድ ዙር ዞርን። ሊወርዱ ሲሉ ግን መነሣት አቃታቸው። ወንበሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ጉልበታቸው ታጥፎ ቀረ። ሁለታችን ክንዳቸውን ይዘን አወጣናቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉና «ጥሩ ናት፤ ታምራለች» አሉ። ጓደኛችን «እማዬ፥ እውነቱን ንገሪን እንጂ» ቢላቸው፥ «ልጄ መርጧት ከሆነ እኔን ምን ቸገረኝ? ስወርድ ብቻ ሰው አይየኝ» አሉ።

በማግስቱ ነርሷን ለምነን ነጯን አመጣን። ነጯ ወንበሯ ከፍ ያለ ነው። እናታችን ገቡ፤ ወረዱ፤ እንደገና ገቡ። ስለ መኪናዋ ምንም አላሉም። ይልቅስ ነርሷን ስለ መርፌያቸው ይጠይቋት ጀመር፤ ሁለቱ ከመኪናዋ ሳይወርዱ ግማሽ ሰዓት ያህል ተጫወቱ።

እንግዲህ ትእዛዞቹ ሁለት መሆናቸው ያን ጊዜ ነው በግልጥ የታየን። አንደኛው ስድስት ዓመት የሠራ ሰው ለራሱ አንዲት ደስታ ይገባዋል የሚል ነው። ይህን ማን ይክዳል? ገንዘቡ የእርሱ ነው፤ ማንዋል እንደሚወድ፥ ሲ ቪ ቲ እንደሚጠላ እናውቃለን። «እናንተ ምረጡ» ያለው ቢጫዋን እንደምንመርጥለት ተማምኖ እንደ ሆነ እንገምታለን። ሁለተኛው ትእዛዝ እናቱ ናት። ከመካከላችን የመቂው ልጅ እስከ መጨረሻው የወንድማችንን ወገን ይዞ ተከራከረ፤ «ኤርባጉ ይሠራላታል፤ ወንበሩም ትራስ ይደረግበታል፤ የሰው ሕልም ግን መለዋወጫ የለውም» እያለ። ክርክሩ ደካማ አልነበረም፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ መልስ አላገኘንለትም። ኤርባግ ግን ከሌላ መኪና ፈትቶ መግጠም እንደ ጎማ መቀየር አይደለም፤ መሥራቱንም የሚያረጋግጥልህ አደጋው ብቻ ነው።

በመጨረሻ መምረጡን ትተን ያየነውን ሁሉ ለወንድማችን በድምፅ ላክንለት። አዳሚ ቱሉን፥ ሠንጠረዡን፥ የተቆረጠውን ሽቦ፥ ነጠላውንም። የራሳችንን ጥፋት አልሸሸግንም።

ሁለት ቀን ዝም አለ። ሁለት ቀን ዝም ብሎ አያውቅም። በሦስተኛው ቀን ሌሊት መልሱ መጣ፤ አጭር ነበረ። «ያቺን መሪ ማን እንደ ቀየራት አላውቅም። እኔም እዚህ ስመጣ መጀመሪያ የሠራሁት ይህንኑ ነው። ቢጫው ሽቦ ሲያስቸግረን እንቆርጠው ነበር፤ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ነጯን ግዙ።» ከዚያም ጥቂት ቆይቶ ሌላ መልእክት ጨመረ፤ «ለመምህሩ ንገሯቸው፤ ያስጠግኗት።»

ነገርናቸው። መምህሩ መኪናዋን እስከ ዛሬ አልሸጧትም፤ ገዢ ሲመጣ ስለ ሽቦው አስቀድመው ይነግሩታል፤ ገዢው ተመልሶ ይሄዳል።

ነጯን በኅዳር ወር ገዛን። እስካሁን ሲ ቪ ቲው አላስቸገረንም፤ ዘይቱን የምንቀይረው እኛው ነን፤ ደረሰኙንም በነርሷ ከረጢት ውስጥ እንጨምራለን። እናታችን በወር ሁለት ጊዜ ከደጃቸው ተነሥተው ሐኪም ቤት ደጅ ይወርዳሉ። ከ60 በላይ ስንነዳ «ነፋሱ ይወስደናል» ይላሉ። አንዳንድ ቀን ጎረቤት ይጭናሉ፤ ያን ጊዜ መኪናዋ አር ኤስ መሆኗን የሚነግሩት እርሳቸው ናቸው።

ወንድማችን መኪናዋ በተገዛች ማግስት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «ድምፁን ቀርጻችሁ ላኩልኝ፤ ማታ ማታ እሰማዋለሁ» አለ። የነጯን ለመቅረጽ ሞከርን። ሲ ቪ ቲ ግን ወደ አንድ ቃና ይወጣና እዚያው ይቆያል፤ እንደ ወፍጮ ቤት። ሦስት ጊዜ ቀርጸን ሦስቱንም አጠፋናቸው። ከዚያ የመቂው ጓደኛችን ማንንም ሳያማክር የአዳሚ ቱሉውን ላከለት።

ወንድማችን ድምፁን ሰምቶ «ደስ ይላል፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለ። በዚያ ቅጂ ላይ ፍሪሲዮን ሲረገጥና ማርሽ ሲቀየር ሦስት ጊዜ በደንብ ይሰማል። ስድስት ዓመት ከመኪና ጋር የኖረ ሰው ይህን ሳያውቀው ይቀራል ብለን አናምንም። እርሱም አልጠየቀንም፤ እኛም እስከ ዛሬ አልነገርነውም።